ለኤልክና ለሙስ አደን የሚሆን መካከለኛ ካሊበር ጥይት እንዴት ይመረጣል? ደረጃ በደረጃ

ኮሎራዶ ውስጥ የሚኖር ወገናችን የመጀመሪያውን የኤልክ አደን ፈቃድ በእጁ ሲያስገባ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ጥያቄ "በየትኛው ጥይት ልውጣ?" የሚል ነው። ጠመንጃ መሸጫ ሲገባ በመደርደሪያው ላይ .338፣ .35፣ 9.3፣ .375 እያለ የሚቀጥል የቁጥር ጋጋታ ይጠብቀዋል። ሻጩ አንዱን ያሞግሳል፣ የሥራ ባልደረባው ሌላውን፣ ያየው ቪዲዮ ደግሞ ሦስተኛውን። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ምሳሌዎቼ በዋናነት የኮሎራዶ ኤልክና የአላስካ ሙስ፣ ሁለቱም ትልልቅ የአጋዘን ዝርያዎች፣ ናቸው፤ አውሮፓ ላላችሁና አገር ቤት ያለውን አደን ለምታውቁም የሚሆን ነገር በመሀል አለ።

መካከለኛ ካሊበር ስል የአረሩ ውፍረት ከ.338 እስከ .375 ኢንች፣ ማለትም ከ8.6 እስከ 9.5 ሚሊሜትር የሆነውን ነው። ጥይት ስል ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ፤ አረር ስል ደግሞ ከአፈሙዝ ወጥቶ እንስሳው ላይ የሚያርፈውን ክፍል ብቻ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥይት የሚመረጠው ከእንስሳው፣ ከርቀቱና ከተኳሹ ትከሻ ተነስቶ ነው፤ በቀለሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በጉልበት ብዛት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ አቁስሎ ይለቃል። አቁስሎ መልቀቅ ደግሞ በአደን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የከፋው ነው።

ደረጃ 1፦ ሕጉ የሚጠይቀውን ይወቁ

የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክና ለሙስ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። የአረሩ ውፍረት ቢያንስ .24 ኢንች፣ ክብደቱ ቢያንስ 85 ግሬይን (7,000 ግሬይን አንድ ፓውንድ ነው)፣ በ100 ያርድ ላይ የሚኖረው ጉልበት ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው)፣ የበርሜሉ ርዝመት ቢያንስ 16 ኢንች መሆን አለበት። አረሩም ሥጋ ሲያገኝ የሚከፈት ዓይነት መሆን ይኖርበታል፤ ስለዚህ ዙሪያውን በብረት የተሸፈነው የወታደር አረር ለአደን አይሆንም። እዚህ የማነጻጽራቸው ጥይቶች በሙሉ ይህን መስፈርት በሰፊ ልዩነት ስለሚያልፉ ሕጉ ከመካከላቸው መርጦ አይሰጥዎትም።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ፈቃድ ከመግዛቱ በፊት የአዳኝነት ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። የስደተኝነት ሁኔታዎንም አይርሱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ ተከልክሏል። የአደን ፈቃድ ለያዘ ሰው የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ ቢኖርም በራስዎ አተረጓጎም አይግቡበት፤ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ። አንድ የጠመንጃ ክስ የዓመታት የመኖሪያ ፈቃድ ሂደትን ሊያበላሽ ይችላል።

ደረጃ 2፦ እንስሳውን ይመዝኑ

ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ወንድ ኤልክ ወደ 700 ፓውንድ፣ ሴቷ ወደ 500 ፓውንድ ትመዝናለች። ይህ ከ225 እስከ 320 ኪሎ መሆኑ ነው። የአላስካ ወንድ ሙስ ከ1,200 እስከ 1,600 ፓውንድ ይደርሳል። ኮሎራዶም ውስጥ ሙስ አለ፤ ከ1978 ጀምሮ ከሌሎች ግዛቶች መጥቶ የተራባው ዘር ግን ከአላስካው አነስ ይላል።

አሁን ብዙ ሻጮች የማይነግሩዎትን ልንገርዎት። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ኤልክን ለመጣል መካከለኛ ካሊበር ግድ አይደለም። ከ1906 ጀምሮ ያለው .30-06 የሚባለው ቀጠን ያለ ጥይት ባለ 180 ግሬይን ጥሩ አረር ጭኖ ሳንባው ላይ ካረፈ ኤልኩ ይወድቃል። ታዲያ መካከለኛው ካሊበር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አንደኛ፣ እንስሳው ከኤልክ ሲበልጥ ነው፤ ሙስ ወይም ትልልቅ ድብ ባለበት አገር። ሁለተኛ፣ እንስሳው ጎኑን ሳይሰጥዎት በሰያፍ ዞሮ ሲቆምና አረሩ የትከሻ አጥንት ሰብሮ ወይም በሆድ ዕቃው በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ ሳንባ መድረስ ሲኖርበት ነው። ሦስተኛ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ሲያድኑ ነው። ኤልክ ክፉኛ ተመትቶም ምንም እንዳልሆነ ሰው መቶ ሁለት መቶ ያርድ ሊሄድ ይችላል። ወፍራምና ከባድ አረር ገብቶ በወዲያኛው ጎን ከወጣ ሁለት ቀዳዳ ይተዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ደግሞ መሬት ላይ ለመከተል የሚቀል የደም ዱካ ነው። በእኔ ግምት የመካከለኛ ካሊበር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ወፍራም ጥይት ኤልክን "በቦታው ያፈርጣል" ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ እንስሳውን ባለበት የሚያስቀረው አከርካሪውን ወይም ሁለቱንም ትከሻ መስበር ነው እንጂ የካሊበሩ ስም አይደለም።

የሃይማኖት ጉዳይም በምርጫው ውስጥ ድርሻ አለው። ኤልክ፣ ሙስና ሌላው አጋዘን ሰኮናቸው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኩም ስለሆኑ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሚበሉ ናቸው። ድብ አይደለም፤ ሙስሊሙም ድብ አይበላም። ስለዚህ ሥጋውን ለቤተሰቡ ሊያበላ የሚያድን አብዛኛው አንባቢዬ ከሙስ በላይ ለሆነ እንስሳ ጠመንጃ መግዛት አያስፈልገውም። "ለድብ ይሁንልኝ" ብሎ ከባዱን ካሊበር የሚያነሳ ሰው ለማያድነው እንስሳ ብሎ የጠመንጃውን ርግጫ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታበትን ኃይል፣ በትከሻው ይሸከማል። የአስተራረድና የባርኮት ነገር ካሳሰበዎት ከመውጣትዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ወይም ኡስታዝዎን ይጠይቁ፤ ጫካ ውስጥ የሚፈታ ጥያቄ አይደለም። የኮሎራዶ የጠመንጃ አደን ወቅት ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ በኖቬምበር ውስጥ የሚያልቅ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ሥጋው ቤት ይደርሳል።

አገር ቤት ካለው ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ፣ ቅርቡ የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ይህ የባሌና የአርሲ ደጋ እንስሳ፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ስለሚደርስ ከኤልክ ጋር የሚቀራረብ ነው። አደኑ የሚካሄደው በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ለአደን በተከለሉ ቦታዎች ነው። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ማዶው ስለሚተኮስ ለዚያ አገር ከከባድ አረር ይልቅ በቀጥታ የሚሄድ አረር ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ እውነተኛ ርቀትዎን ይወስኑ

እዚህ ላይ ራስን አለመዋሸት ያስፈልጋል። ጥያቄው ጠመንጃው ስንት ያርድ ይደርሳል የሚል አይደለም፤ እርስዎ ተራራ ወጥተው፣ ልብዎ እየመታ፣ ተቀምጠው ወይም ተንበርክከው በስንት ያርድ ላይ በእርግጠኝነት ይመታሉ ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ይህ ርቀት 200 ያርድ ነው። ተግቶ ለተለማመደ 300። ከዚያ በላይ የሚተኩስ ሰው ንፋስና ርቀት መለካት የተማረ መሆን አለበት።

ሁሉም ጥይቶች (እያንዳንዳቸውን ደረጃ 6 ላይ አስተዋውቃለሁ) በ200 ያርድ ላይ ልክ እንዲመቱ ከተስተካከሉ በኋላ በ300 ያርድ ያላቸው መውረድ እንዲህ ይነጻጸራል። ባለ 225 ግሬይን .338 ዊንቸስተር ማግነም ወደ 7 ኢንች ይወርዳል። ባለ 180 ግሬይን .30-06 ወደ 8 ኢንች። ባለ 250 ግሬይን .35 ዌለንና ባለ 286 ግሬይን 9.3×62 ከ11 እስከ 12 ኢንች። ልብ ይበሉ፤ በጣም "ቀጥ ብሎ የሚሄድ" በሚባለውና "ዘገምተኛ" በሚባለው መካከል ያለው ልዩነት በ300 ያርድ ላይ ከአራት እስከ አምስት ኢንች ብቻ ነው። የኤልክ የሳንባ ክልል ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ልዩነቱ ዋጋ የሚኖረው ከ300 ያርድ ወዲያ ነው። እዚያ የማይተኩሱ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብለው ተጨማሪ ርግጫ አይግዙ።

ደረጃ 4፦ ትከሻዎን ይመኑ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ርግጫ የሚፈጥረው ችግር ሕመም ብቻ አይደለም። ትከሻ አንድ ጊዜ ከተመታ አካል ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ምላጩ ገና ሳይለቅ ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ይጨብጣል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይሰግዳል። ተኳሹ ራሱ አያውቀውም። ውጤቱ ሳንባ ላይ ያነጣጠረ አረር ሆድ ላይ ወይም እግር ላይ ማረፍ ነው። ሆዱ ላይ በ.375 የተመታ ኤልክ ሳንባው ላይ በቀጭኑ .270 ከተመታው እጅግ የበለጠ ይሰቃያል፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም።

በቁጥር እንየው። ስኮፑን (ማነጣጠሪያ መነጽሩን) ጨምሮ 8 ፓውንድ የሚመዝን ባለ 180 ግሬይን .30-06 ወደ 20 ፉት ፓውንድ የርግጫ ጉልበት አለው። በዚያው ክብደት .35 ዌለን ከ26 እስከ 27 ይደርሳል። .338 ዊንቸስተር ማግነምና 9.3×62 ከበድ ባለ ጠመንጃ ላይ ሆነው እንኳ 30 አካባቢ ናቸው። ባለ 300 ግሬይን .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ9 ፓውንድ ጠመንጃ ላይ ወደ 40 ይጠጋል፤ የ.30-06ን እጥፍ ማለት ነው። ቁጥሩ ላይ ፍጥነቱንም ይጨምሩበት። .338ቱ በድንገት ይመታል፤ 9.3ቱ በቀስታ ይገፋል። ተቀራራቢ ቁጥር ይዘው ሳለ ብዙ ተኳሾች ሁለተኛውን በቀላሉ ይለምዱታል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚያደርጉት ይህ ነው። ካሊበሩ ያለው ጓደኛ ወይም ጠመንጃ የሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ይፈልጉ። የጆሮ መከላከያ በድርብ አድርገው አምስት ጥይት ይተኩሱ። ከዚያ ጓደኛዎ እርስዎ ሳያዩ አንዳንዴ ጥይት ያለው፣ አንዳንዴ ባዶ ጠመንጃ እያደረገ ይስጥዎት፤ ጠመንጃው ሁልጊዜ ጥይት እንዳለው ተቆጥሮ ወደ ኢላማው ብቻ እንደተመለሰ ይቆይ። በባዶው ላይ ምላጩን ሲስቡ አፈሙዙ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ታች ከወረደ ያ ካሊበር ለጊዜው የእርስዎ አይደለም። አንድ ደረጃ ይውረዱ። በዚህ ውስጥ አንዳችም የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ከግዝፈት ጋርም አይያያዝም። አጠር ቀጠን ያለች እህታችን በትክክለኛ አቀማመጥ ከግዙፍ ወንድ የተሻለ ልትችለው ትችላለች።

አፈሙዙ ላይ የሚገጠመው ርግጫ መቀነሻ እውነትም ይሠራል፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ጆሮ ሳይሸፈን አንድ ጊዜ መተኮስ እንኳ ቋሚ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አጠገብዎ ያለው አዳኝም ይጎዳል። እኔ በቅድሚያ የምመክረው ጥሩ የሰደፍ ላስቲክና ግማሽ ፓውንድ ተጨማሪ የጠመንጃ ክብደት ነው።

ደረጃ 5፦ ከካሊበሩ በፊት አረሩን ይምረጡ

በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በኃይለኛ .300 ማግነም አንድ ሙስ ደጋግሞ ቢመታም አልወድቅ አለው። የዚያ ዘመን አረር ጭቃ የደረቀበት ቆዳ ላይ ሲደርስ ውስጥ ሳይገባ ይበታተን ነበር። ኖስለር መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ የፊተኛው ግማሽ ሲከፈት የኋለኛው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ይህ ፓርቲሽን የሚባለው አረር ዛሬም ይሸጣል። ኖስለር ሌላ ካሊበር አልቀየረም፤ የቀየረው አረሩን ነው። ለሚገዛ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ተሰባሪ አረር የጫነ ትልቅ ካሊበር፣ ጠንካራ አረር በጫነ ትንሽ ካሊበር ይበለጣል።

በካርቶኑ ላይ የሚፈልጉት ከሦስቱ አንዱን ነው። አንደኛው እንደ ፓርቲሽንና ስዊፍት ኤ-ፍሬም ያለ በውስጡ ግድግዳ ያለው። ሁለተኛው እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተበየደ፣ ለምሳሌ አኩቦንድ። ሦስተኛው ምንም እርሳስ የሌለበት ሙሉ መዳብ፣ ለምሳሌ ባርንስ ቲኤስኤክስ። የመዳቡ አረር ክብደቱን ስለማይጥል አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን መውሰድ ይቻላል፤ በ.338 በ225 ምትክ 210 ይበቃል።

ስለ መዳብ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የእርሳስ አረር አጥንት ሲመታ ዓይን የማያየው ቅንጣት ከቁስሉ ርቆ ሥጋ ውስጥ ይበተናል። ሥጋው ሲፈጭ አብሮ ይገባል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር የሚመገቡት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በማናቸውም አደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ኮሎራዶ አልከለከለችም፤ እኔ ግን ለቤተሰብ ማዕድ የሚያድን ሰው መዳብ ቢመርጥ እወዳለሁ። እግረ መንገዴንም፦ የዱር ሥጋ ለጥሬና ለለብለብ ክትፎ አይሁን፤ በደንብ ይብሰል።

ክብደትን በተመለከተ ማየት ያለብዎት አረሩ ከውፍረቱ አንጻር ምን ያህል ረጅምና ከባድ እንደሆነ ነው። በሙያው ይህን በቁጥር ያስቀምጡታል፤ በፓውንድ የተለካው ክብደት በኢንች ለተለካው ውፍረት ካሬ ይካፈላል። ለምሳሌ ባለ 180 ግሬይን .30-06 .271 ይሆናል። ባለ 225 ግሬይን .338 .281፣ ባለ 250 ግሬይን .35 .279፣ ባለ 286 ግሬይን 9.3ና ባለ 300 ግሬይን .375 ሁለቱም .305 ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ከሆነ፣ አረሩ ጠልቆ ይገባል። 9.3×62 በመጠነኛ ፍጥነቱ ትልልቅ እንስሳ የሚጥልበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ለሙስ ከ.27 በታች ያለውን ባይወስዱ እመርጣለሁ፤ ሙሉ መዳብ ከሆነ ግን ዝቅ ማለት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ አሁን ጥይቶቹን ያነጻጽሩ

.338 ዊንቸስተር ማግነም በ1958 የወጣ ነው። ባለ 225 ግሬይን አረር በሰከንድ ወደ 2,800 ጫማ ይወረውራል፤ ጉልበቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 3,900 ፉት ፓውንድ ነው። ሜዳማ ሸለቆ ላይ ኤልክ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሙስ፣ ሁለቱንም በአንድ ጠመንጃ ማድረግ ለሚፈልግና ርግጫውን ለሚችል የተሟላ ጥይት ነው። አላስካ ውስጥ ከሚወደዱት አንዱ በመሆኑ ጥይቱ እዚያ በቀላሉ ይገኛል። 24 ኢንች በርሜል ይፈልጋል።

.35 ዌለን የ.30-06 ቀለህ አንገቱ ተከፍቶ .358 ኢንች አረር እንዲቀበል የተደረገ ነው። በ1922 ተፈጥሮ በኮሎኔል ታውንሰንድ ዌለን ስም ተጠራ፤ ሬሚንግተን በ1988 በፋብሪካ ማምረት እስኪጀምር ድረስ ጠመንጃ ሠሪዎችና ወዳጆቹ በእጃቸው ያዘጋጁት ነበር። ባለ 250 ግሬይን አረር በ2,400 ጫማ በሰከንድ፣ ጉልበቱ ወደ 3,200። በ22 ኢንች በርሜል ያለ ችግር ይሠራል፤ ጠመንጃው አጭርና ቀላል ይሆናል። በደን ውስጥ እስከ 250 ያርድ ለሚያድን ሰው እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ርግጫው የሚቻል ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ፍጥነቱ መጠነኛ በመሆኑም ትከሻ አካባቢ ያለውን ሥጋ በደም አያበላሽም። ጉድለቱ ጥይቱ በየሱቁ አለመገኘቱ ነው።

9.3×62ን በ1905 የሠራው ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ነው። በተራ ማውዘር ጠመንጃ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ስለተሠራ ዋጋው ቀላል ነበር፤ በዚህም ምክንያት በአፍሪካ በሰፈሩ ገበሬዎች እጅ በሰፊው ገባ። ባለ 286 ግሬይን አረር ወደ 2,360 ጫማ በሰከንድ፣ ጉልበቱ ወደ 3,500። ስዊድን፣ ፊንላንድ ወይም ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ሌላ አትፈልጉ። ለሙስም ለጫካ አሳማም ጥይቱ በየአደን ዕቃ ሱቁ ይገኛል። የአዳኝ ፈተና ግን አስቀድሞ ማለፍ ይጠይቃል። አሜሪካ ላለ ሰው ጥይቱ ውድና የማይዘወተር ስለሆነ ራሱ ቀለህ ሞልቶ ካልተኮሰ በቀር አልመክረውም።

.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በ1912 የወጣ እንግሊዛዊ ነው። ባለ 300 ግሬይን አረር በ2,530 ጫማ በሰከንድ፣ ጉልበቱ ወደ 4,260። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ጎሽና ሌላ አደገኛ እንስሳ ለማደን የሚፈቀደው ዝቅተኛ ካሊበር .375 ወይም ለእርሱ የቀረበ ነው። ጎሽ የማደን እቅድ ካለዎት ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ይግዙ። ለኮሎራዶ ኤልክ ብቻ ከሆነ ግን አይግዙት። ቀለሁ ረጅም በመሆኑ ረጅም መዝጊያ ያለው፣ ውድና ከባድ ጠመንጃ ይፈልጋል። በ2007 የመጣው .375 ሩገር ያንኑ ጉልበት በተለመደው የጠመንጃ ርዝመት ስለሚሰጥ ለአላስካ የበለጠ ይመቻል።

አጭርና ቀላል ጠመንጃ ለሚፈልግ .358 ዊንቸስተር (1955) እና .338 ፌደራል (2006) አሉ። ሁለቱም ከ.308 ቀለህ የተሠሩ ናቸው። እስከ 200 ያርድ ለኤልክ በቂ ናቸው፤ ርግጫቸውም ከሁሉም ይለዝባል። .340 ዌዘርቢና መሰሎቹ ትንሽ ፍጥነት ለመጨመር ብዙ ርግጫ ያስከፍላሉ። .338 ላፑዋ ለወታደር ረጅም ርቀት ተኩስ የተሠራ ነው፤ ጠመንጃው ተሸክመውት ተራራ የሚወጡት አይደለም።

የእኔን ፍርድ ከጠየቁኝ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ጠመንጃዎ ከሆነና የሚያድኑት ኤልክና አጋዘን ከሆነ .30-06 ይግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥይትና ለልምምድ ያውሉት። .30-06ን ጠንቅቀው የተኮሱና ደን ውስጥ የሚያድኑ ከሆነ ዌለን። ሰፊ ሸለቆና አላስካ በእቅድዎ ካሉ .338 ዊንቸስተር። በአንዳንድ የኮሎራዶ የአደን ክልሎች የወንድ ኤልክ ፈቃድ ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ነጥብ ማጠራቀም ስለሚጠይቅ፣ ያንን ፈቃድ የያዘ ሰው እንስሳው በማናቸውም አቅጣጫ ቢቆም የሚሠራ ጥይት ቢፈልግ እረዳዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ጠመንጃው፣ ስኮፑና ስሙ

.338 ወይም .375 ከሆነ ስኮፑን ጨምሮ ከ8.5 እስከ 9.5 ፓውንድ የሚመዝን ጠመንጃ ይምረጡ። ስኮፑ ከዓይንዎ ቢያንስ 3.5 ኢንች ርቆ ሙሉ ምስል የሚሰጥ ይሁን፤ ካልሆነ በርግጫው ቅንድብዎን ይተለትለዋል። ዝቅተኛ ማጉያው 2 ወይም 3 እጥፍ የሆነ ለደን ይበቃል።

".338" የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። .338 ዊንቸስተር፣ .338 ፌደራልና .338 ላፑዋ አረራቸው አንድ ውፍረት ነው፤ ቀለሃቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የተሳሳተውን በግድ መክተት ጠመንጃ ያፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ሙሉ ስም በቀለሁ መቀመጫ ላይ ከተጻፈው ጋር ሁልጊዜ ያመሳክሩ። ከመግዛትዎ በፊትም በአካባቢዎ ያሉ ሱቆች የሚፈልጉትን አረር በዚያ ካሊበር በቋሚነት እንደሚይዙ ያረጋግጡ፤ ሲያገኙም ለልምምዱም ለአደኑም የሚበቃውን በአንድ ጊዜ፣ ከተቻለ ከአንድ የምርት ምድብ ይግዙ።

ደረጃ 8፦ በሰሃን ይፈትኑት

ጠመንጃውን በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው በ100 ያርድ ያስተካክሉ፤ ከዚያ 200 ያርድ ላይ ያረጋግጡ። ካሊበሩ ከባድ ከሆነ በአንድ ቀን ከ15 እስከ 20 ጥይት በላይ አይተኩሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሚማሩት መደንገጥን ነው። የቀረውን ልምምድ ርግጫ በሌላት ትንሿ .22 ያድርጉ።

ከጠረጴዛው ከተነሱ በኋላ ስፋቱ 8 ኢንች የሆነ የወረቀት ሰሃን ይስቀሉ። ተቀምጠው፣ ተንበርክከው፣ በዱላ ተደግፈው ይተኩሱ። የሚያድኑበት ርቀት አምስት ጥይት በተከታታይ ከሰሃኑ ሳይወጣ የሚተኩሱበት ርቀት ነው። አራቱ ገብተው አንዱ ከወጣ ርቀቱን በ50 ያርድ ይቀንሱ። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ስኮፑን ሳይለቁ መዝጊያውን ስቦ ሁለተኛ ጥይት ማጉረስንም ይለማመዱ፤ ኤልክ እስኪወድቅ ድረስ መተኮስ ተገቢ ነው።

ካምፕ ሲደርሱ እንደገና ሁለት ጥይት ይተኩሱ። ጠመንጃው በመኪና ሲንገላታ ስኮፑ ሊዛባ ይችላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 9,000 ጫማ ላይ ያለው ስስ አየርም በረጅም ርቀት አረሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። በ200፣ በ250ና በ300 ያርድ ስንት ኢንች እንደሚወርድ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሰደፉ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። የብርቱካናማውን ልብስ ነገርም አይርሱ፤ የኮሎራዶ ሕግ ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ ኮፍያም ጭምር፣ እንዲለበስ ያዛል።